የአዳሙ ቋጠሮ

በአንድ ወቅት፣ መኪናው በዝቶ ስልኩም በየኪሱ በገባበት ዘመን፣ ከሸዋ ሮቢት በታች ባለው ቆላ ስንቅነሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባል አላት እንዳይባል ባሏ ቤት የለም፤ ባሏ ሞተ እንዳይባል ሬሳውን ያየ የለም። የቀሯት አንዲት አሮጌ ሰማያዊ ፒክአፕና አንዲት አማት ነበሩ። የዛሬው ነገር የእሷና የዚያች መኪና ነገር ነው። እኔ እናገራለሁ፤ ፍርዱን እናንተ ትሰጣላችሁ።

ባሏ አዳሙ ይባላል። ከመስኖ እርሻው ሽንኩርትና ቲማቲም እያነሣ ወደ ገበያ የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። ጓደኛውና ሸሪኩ እንድሪስ ነው። አብረው አድገዋል፤ በፋሲካ እንድሪስ አዳሙ ቤት ይውላል፣ በአረፋ አዳሙ እንድሪስ ቤት ያመሻል። አንዱን የፈለገ ሰው «የት አለ?» ብሎ ሌላውን ነበር የሚጠይቀው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ጠዋት፣ ሁለቱ ሽንኩርት ጭነው የሶሌን ወንዝ ሊሻገሩ ገቡ። ሶሌ ወንዝ ይባል እንጂ ከዓመት እስከ ዓመት አሸዋ ነው፤ ውሃ የሚያየው ደጋው ሲዘንብ ብቻ ነው። ያን ቀን ቆላው ላይ ደመና አልነበረም። መኪናዋ አሸዋውን ጨርሳ የፊት ጎማዎቿ የማዶውን ዳገት ሲነክሱ ተንቀጠቀጠችና ጠፋች። አዳሙ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ፤ እምቢ አለች።

«እንዳትንሸራተት ድንጋይ አምጣ» አለው እንድሪስን።

እንድሪስ ድንጋይ ፍለጋ ዳገቱን ወጣ። አዳሙ ደግሞ ወርዶ ወደ መኪናዋ ኋላ ዞረ። ድምፁ የመጣው ያኔ ነው። ደራሽ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ ነፋስ ይመስላል፤ ነፋስ አለመሆኑን ስታውቅ ጊዜው አልፏል። እንድሪስ ዞር ሲል ቡናማ ውሃ የመኪናዋን የኋላ ጎማዎች ውጦ ይፈስሳል። ጭነቱ ስለከበዳት እሷ ንቅንቅ አላለችም። አዳሙ ግን አልነበረም።

ይህን ሁሉ የተናገረው እንድሪስ ነው። ሌላ ምስክር የለም።

ከሰዓት በኋላ ውሃው ሲጎድል የከተማው ሰው ወጣ። ከሾፌሮቹ አንዱ ጋቢና ገብቶ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ባንዴ ተነሣች።

ሰው ሁሉ ወደ እንድሪስ ዞረ።

«ጠፍታ ነው ያልከው?»

«ጠፍታ ነበር። ወላሂ፣ ጠፍታ ነበር።»

«ይኸው ደኅና ናት።»

ከዚያ ወዲያ ፊት ለፊት ምንም ያለው ሰው የለም። ዝምታው ነው የባሰበት። ወንዙን ተከትለው እስከ ረግረጉ ወረዱ፤ ሰንደል ጫማ እንኳ አላገኙም። ለቅሶው በፎቶግራፍ ተለቀሰ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው እንድሪስን አስማሉት፤ ማለ። መሐላው ግን ወሬውን አላቆመውም። ግማሹ «ጥሎት ሸሽቷል» አለ፣ ግማሹ «ገፍቶት ነው» አለ። ሌላው ደግሞ ከሁሉ የከፋውን ለስንቅነሽ አመጣላት፦ «ባልሽ አልሞተም፤ ጅቡቲ ታይቷል።»

የአዳሙ እናት ወይዘሮ የሻረግ ልጃቸው መሞቱን ለአንድ ቀንም አልተጠራጠሩም። እናት ታውቃለች አሉ። ተዝካሩን አወጡ፤ እንደ ወጉም ልብሱን በሙሉ ለነዳያን ሰጡ። ኮቱን፣ ሸሚዞቹን፣ የክት ጫማውን፣ ሁሉንም። ስንቅነሽ ከገበያ ስትመለስ ሣጥኑ ባዶ ነበር። ያን ሌሊት በባዶው ሣጥን ውስጥ አንገቷን ደፍታ ሽታውን ስትፈልግ አደረች።

ከዚያ የመኪናዋ ነገር ጀመረ።

መጀመሪያ የተቀጠረው ሾፌር ጥቂት ሠርቶ ቁልፉን መለሰ።

«እትዬ፣ እኔ ልጆች አሉኝ» አላት።

«ምን ሆነች?»

«ደኅና ትሄድና መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። ከዚያ ትጠፋለች። ኮፈኑን ከፍቼ አያለሁ፣ ምንም የለም። ትንሽ ቆሜ ቁልፉን ሳዞር፣ ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች። እንዲህ ያለ በሽታ አላውቅም። መኪናዋ ሰው አለባት።»

ሁለተኛውም እንዲሁ ብሎ ወረደ። ሦስተኛ አልተገኘም። በገበያው «አዳሙ ይዟታል» ተባለ፤ ልጆች እንኳ ስታልፍ ድንጋይ አይወረውሩባትም ነበር። ስንቅነሽ ሽጪያት ተባለች፤ አልሸጥም አለች። መንዳት ተማረች። በዚያ አገር ሽንኩርት ጭና የምትነዳ የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ሆነች። የሶሌን መሻገሪያ ግን አልደፈረችውም፤ ሁልጊዜ በድልድዩ በኩል ትዞራለች።

ወይዘሮ የሻረግ ጥቁር ነጠላቸውን አጣፍተው ከጎኗ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን አልቀሩም። ወደ ገበያ የሚወስዳቸው ጉዳይ አልነበራቸውም። መኪናዋ ተንቀጥቅጣ ስትጠፋ «ይዟታል» ይላሉ። «ዝም በያት፣ ይለቃታል።» ወርደው በመንገዱ ዳር ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። ደግመው ሲጨርሱ «በይ አሁን» ይላሉ። ስንቅነሽ ቁልፉን ታዞራለች፤ መኪናዋ ትነሣለች።

ስንቅነሽ አላመነችም ነበር። አላመንኩም እያለች ግን እጇ አማቷ ሳይጨርሱ ቁልፉን አያዞርላትም። በተለይ የሚያስፈራት ሚኒሞው ነበር፤ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ብቻ ሲዞር ማለት ነው። ያኔ መሪው በእጇ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አዳሙን አንድ ዘመን ወባ ይዞት እጁን ጨብጣ አድራ ታውቃለች፤ መንቀጥቀጡ ያ ነበር። አንዳንዴ ገበያ ደርሳ ሞተሩን ሳታጠፋ መሪውን ይዛ ትቀመጣለች። ሰው ሲያያት ቶሎ ታጠፋዋለች።

ጋራዥ አልወሰደቻትም እንዳትሉ። አንዱ መካኒክ ካርቦራተሯን ፈትቶ አጠበ፤ ሌላው ካንዴላዎቿን ለወጠ፤ ሌላው ማጣሪያዋንና የቤንዚን ፓምፗን ቀየረ። የሠሩትን ያበላሸ የለም። ከእጃቸው ስትወጣ ሞተሯ ተስተካክሎ ይዞራል። ጥቂት ሰንብታ ግን መንቀጥቀጡ ይመለሳል፣ መጥፋቱም ይመለሳል። በመጨረሻ አንደኛው «እኔ የምጠግነው ብረት ነው» አላት። ያልጨረሰውን እሷ በልቧ ጨረሰችው።

እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። እንድሪስ አብሮት የሚጓዝ ሰው ስላጣ ሾፌርነቱን ትቶ የመስኖ ሞተር ጠጋኝ ሆኗል። የስንቅነሽ መኪና ስታልፍ ፊቱን ወደ ቦዩ ያዞራል። አንድ ዓመት ሴት ልጁን ሐያትን ለሌላ ከተማ ሰው ሊድር ነገሩ አልቆ ነበር። የሙሽራው ወገኖች ወሬውን ሰሙ፤ «ሸሪኩን ለውሃ ሰጥቶ ከሸሸ ሰው ጋር አንጋባም» ብለው ተመለሱ። ሐያት ከአባቷ ተደብቃ ለእናቷ አለቀሰች።

አንድ ቀን መኪናዋ እሱ ከሚሠራበት እርሻ አጠገብ ተንቀጠቀጠችና ቆመች። ሁለቱ ሴቶች ወርደው ከግራር ጥላ ሥር ተቀመጡ። እንድሪስ የብሎን መፍቻውን ጣለና እጁን በቦዩ ውሃ ታጠበ። ከዚያ ዓመታት ሙሉ ያልሄደበትን ጥቂት እርምጃ መጣ።

ወይዘሮ የሻረግ ብድግ አሉ። «እንዳትነካት!»

«አልነካትም፣ እማማ። ልጠይቅ ብቻ።»

«አንተ ምን ትጠይቃለህ? ጠያቂስ እኔ ነበርኩ።»

«መቼ መቼ ነው የምትጠፋው?»

መልስ አይሰጡትም ብላ ስንቅነሽ አስባ ነበር። አሮጊቷ ግን ያን የሚጠይቃቸው ሰው ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል አፋቸው ተከፈተ።

«ቤንዚን ስትሞላ አይነካትም። ከግማሽ በታች ስትሆን ነው የሚይዛት። ዝግ ብላ ስትሄድ ይታገሣታል፤ ስትፋጠን፣ ዳገት ስትገፋ ቶሎ ይይዛታል። ስትጠፋ ደግሞ ቸኩለው ቢያስነሷት እምቢ ነው። ውዳሴ ማርያም ደግሜ ስጨርስ ይለቃታል። ሁልጊዜ ይለቃታል። ልጄ ክፉ አልነበረም።»

ከመካኒኮቹ አንዱም ይህን አልሰማም። ስንቅነሽ «ትጠፋለች» ብቻ ነበር ያለቻቸው፤ መቼና እንዴት እንደምትጠፋ በልባቸው የያዙት አሮጊቷ ብቻ ነበሩ። እሳቸውንም ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም።

«የሚይዝና የሚለቅ ነገር» አለ እንድሪስ፣ «ቤንዚኑ ሲጎድል ወደ ታች የሚወርድ፣ ሞተሩ ሲስብ የሚሳብ፣ ሞተሩ ሲቆም የሚላቀቅ። ስንቅነሽ፣ ልፈትሻት፣ ፍቀጅልኝ።»

ስንቅነሽ አማቷን አየች፤ ከዚያ እሱን አየች። «ነገ ግቢ ና» አለችው።

በማግሥቱ እንድሪስ መጣ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ዕቃውን በትከሻው ተሸክሞ መንገዱን መሐል ለመሐል ሄደ። ጎረቤት በየአጥሩ ቆመ። ኮፈኑን ከፈተና ሞተሩን አስነሣ፤ መኪናዋ ልቅሶ እንደ ያዘው ሰው ትከሻ ትርገበገብ ጀመር። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አየ፤ ደኅና ናቸው። የቱቦ ጫፍ ጆሮው ላይ አድርጎ አየር በስንጥቅ የሚገባ እንደሆነ አዳመጠ፤ የለም። ከዚያ ማጣሪያውን ፈትቶ በነጭ ሳህን ላይ በቢላ ቀደደው። ውስጡ ዝገት ነበር፣ ጭቃ ነበር። በጭቃው ላይ ደግሞ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ አረንጓዴ ክር።

ስንቅነሽ ጎንበስ አለች።

አዳሙ የሄደበት ጠዋት ትዝ አላት። የሰልባትዮው፣ የቤንዚን ታንከሩ ማለት ነው፣ የአፉ ክዳን ሌሊት በመንገድ ወድቆ ጠፍቶ ነበር። አዳሙ በር ላይ ቆሞ ከለበሰው ሽርጥ ጫፍ ቀደደ። አረንጓዴ ሽርጥ ነው፤ እሷ የገዛችለት። ጠቅልሎ አጥብቆ ቋጠረና አፉን ወተፈበት። «አዲሱን ሽርጥ!» ብላ ተቆጣችው። ስቆ ሄደ። የመጨረሻ ንግግራቸው እሱ ነበር። መኪናዋ ከወንዙ ስትመለስ ውታፉ አልነበረም፤ ውሃ ወሰደው ተባለና አዲስ ክዳን ተገዛ። ሰው በጠፋበት ቀን ስለ ቁራጭ ጨርቅ ማን ያስባል?

እንድሪስ አሁንም አልቸኮለም። ካርቦራተሩን አጠበ። ወደ ሰልባትዮው የሚሄደውን ቱቦ ነቅሎ ጫፉን ንጹሕ ቤንዚን ባለበት ጀሪካን ውስጥ ከተተና ሞተሩን አስነሣ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ አመነታች፣ ረጋች። ነዳጅ ረገጠላት፣ ለቀቀላት፣ ረገጠላት፤ አልጠፋችም። የግቢው ጥላ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እስኪዞር በሚኒሞ ትሠራ ነበር፤ ድምፅዋ ያለ አይመስልም።

ወይዘሮ የሻረግ ከደጃፉ ተነሥተው መጡ። እጃቸውን በኮፈኑ ላይ ጫኑ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ዝም አለ» አሉ። «ምን አደረጋችሁት? ለምን ዝም አለ?»

«እማማ፣ ችግሩ ከሞተሯ አይደለም» አለ እንድሪስ። «ሰልባትዮውን ማውረድ አለብኝ።»

«አይወርድም። እዚያ ያለውን እዚያው ተዉልኝ። በመንገድ ላይ የሚያነጋግረኝ እሱ ብቻ ነው።»

ስንቅነሽ ሁለቱን አየች። አሮጊቷ እውነታቸውን ነበር፤ እሷም ብትሆን ነገ በእጇ ውስጥ የማይንቀጠቀጥ መሪ ስትይዝ ባዶነቱን ከአሁኑ አወቀችው። ግን «አውርደው» አለች።

ሰልባትዮው ወረደ፣ ቤንዚኑ ተገለበጠ፣ እስኪናፍስ ፀሐይ ላይ ዋለ። እንድሪስ የነዳጅ መለኪያው የሚገባበትን ክዳን ፈታ። የእሱ እጅ ወፍራም ነው፤ አልገባም። ስንቅነሽ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷን እስከ ብብቷ አስገብታ በጨለማው ውስጥ ዳበሰች፤ የብረቱ ጠርዝ ቆዳዋን ላጠው። ወለሉ፣ ጥጉ፣ ዝገቱ። ከዚያ ለስላሳ ነገር ጣቷን ነካው። ጮኸች፤ እጇን ግን አላወጣችም። ጨብጣ ጎተተችው።

ቋጠሮው ወጣ። ጫፉ ሟሙቶ ክር ክር ብሏል፤ አረንጓዴነቱ ግን አልጠፋም። ቋጠሮው እንደ ተቋጠረ ነው።

እንድሪስ ካጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ጠፍታ ነበር» አለ። ለማንም አልነበረም የተናገረው። «ጠፍታ ነበር።»

ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ያን ቀን ጨርቁ በመንገዱ መንገጫገጭ ወደ ውስጥ ወድቆ የቤንዚኑን መውጫ ዘጋ፤ መኪናዋ ወንዝ ውስጥ ጠፋች። ከሰዓት በኋላ ጨርቁ ተላቅቆ ነበርና ባንዴ ተነሣች። ወይዘሮ የሻረግ እንድሪስን አዩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀና ብለው አይተውት አያውቁም ነበር። ወደ እሱ ሄደው እጃቸውን በራሱ ላይ አሳረፉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር። ግን ቋጠሮው አንድ ነው፤ የሚፈልጉት ሦስት ናቸው።

መጀመሪያ የተናገሩት እናቲቱ ናቸው። «ለእኔ ይሰጠኝ፤ እቀብረዋለሁ» አሉ። «ከአባቱ ጎን ቦታው ባዶ ነው። ልብሱን ሁሉ ሰጥቼ ስጨርስ የምቀብረው አጣሁ። ዕድሜዬ አልቋል፤ ይህ ሳል አያሰነብተኝም። ልጄ ከእኔ በፊት መሬት ይግባ። መቼ እንደሚይዛት፣ መቼ እንደሚለቃት እኔ ባልሰማ፣ ማን ሰልባትዮ ይከፍት ነበር?»

ቀጥሎ እንድሪስ ተናገረ። «ለእኔ ይሰጠኝ» አለ። «የሐያትን ነገር ሰምታችኋል። ይህ ጨርቅ በእጄ ከሆነ የሚጠይቀኝን ሁሉ አሳየዋለሁ።»

«እኔ እናቱ እመሰክርልሃለሁ» አሉት ወይዘሮ የሻረግ።

«እማማ፣ ሰዎቹ ሆድዎ ራርቶ ነው ይላሉ። ቃል ያኔም ነበረኝ፤ በቁርኣን ምዬ አልበቃም። ዛሬ አሳይቼ ነገ ቢቀበር ደግሞ፣ ያላየው ሰው ከነገ ወዲያ ይጠይቀኛል። ወሬ በአንድ ገበያ አይውልም። እናንተ ግቢ የገባሁት የሰው ዐይን እየበላኝ ነው። ክሩን ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

መጨረሻ ስንቅነሽ ተናገረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ለእኔ ይቅር» አለች። «እማማ፣ ልብሱን ሲሰጡ አልጠየቁኝም፤ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ አላስቀሩልኝም። ጅቡቲ አየሁት የሚል ሰው በመጣ ቁጥር በሩን ሳልቀረቅር አድራለሁ። ዛሬ ግን ይህን ስነካ፣ መሞቱን አመንኩ። ካጠገቤ ከጠፋ ነገ ደግሞ እጠራጠራለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። መኪናዋን ሽጪ ስባል ያልሸጥኩ እኔ ነኝ፤ አውርደው ያልኩ እኔ ነኝ፤ እጄን ያስገባሁም እኔ ነኝ። ይህን ቋጠሮ የቋጠረው እጁ ነው። ከእጁ የቀረኝ ሌላ ነገር የለም።»

ጋሽ ዳምጤ ተጠሩ። ያን ጊዜ እንድሪስን ካስማሉት ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ጨርቁን በመዳፋቸው አገላብጠው አዩ፤ እንድሪስን ለማየት አፈሩ።

«ለሦስት ይቆረጥ» አሉ።

«ልጄን ወንዝ ወስዶታል» አሉ እናቲቱ። «እኔ ደግሞ አልቆርጠውም።»

«የተቆረጠ ጨርቅ ከማንም ሱቅ ይገኛል» አለ እንድሪስ። «የሚታመነው ቋጠሮውም ጫፉም እንዳለ ሲሆን ነው።»

«ቋጠሮውን የሚፈታ እጄን ይቁረጥ» አለች ስንቅነሽ።

«እንግዲያው» አሉ ጋሽ ዳምጤ፣ «እንድሪስ ልጁን እስኪድር ይያዘው፤ ከዚያ ይቀበር።»

«እስከዚያ እኔ አለሁ ወይ?» አሉ ወይዘሮ የሻረግ፤ ሳላቸው ተነሣና ነገሩን ቆረጠው።

ጋሽ ዳምጤ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። «እኔ አንድ ጊዜ ፈርጄ አይቼዋለሁ» አሉ። «ያለው በአንቺ እጅ ነው፣ ስንቅነሽ። አንቺ አድርጊው።» ብለው ሄዱ።

ወይዘሮ የሻረግ በዚያው ቀን መቃብሩን አስቆፈሩ። እንድሪስ ደግሞ ለሙሽራው ወገኖች ላከ፤ «የሚታይ ነገር አለኝ፤ ገበያ እንገናኝ» አላቸው፤ እሺ አሉ።

ሲነጋ ስንቅነሽ መኪናዋን አወጣች። ሰልባትዮው ታጥቦ ገብቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ነበረች፤ አማቷ በእግራቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጥተዋል። ከግቢው እንደወጣች መንገዱ ይከፈላል። በቀኝ ያለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይወጣል፤ እዚያ በተቆፈረ ጉድጓድ ጫፍ ላይ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። በግራ ያለው ወደ ገበያ ይወርዳል፤ እዚያ አንድ ሰው ከሌላ ከተማ በመጡ ሰዎች ፊት ባዶ እጁን ተቀምጦ መንገድ መንገድ ያያል። ከኋላዋ ቤቷ ነው፤ ባዶው ሣጥንም እዚያው አለ።

መንታ መንገዱ ላይ ቆመች። ቋጠሮው በጭኗ ላይ ነው፤ ገና ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። መሪው በእጇ ውስጥ አልተንቀጠቀጠም። ሞተሩ በጣም ከመርጋቱ የተነሣ የጠፋ መስሏት ደንግጣ ጆሮዋን ጣል አደረገች፤ አልጠፋም። አዳሙን ጠራችው፤ በስሙ፣ ቀስ ብላ። የሚመልስ አልነበረም። መኪናዋ እንኳ።

የዚያ አገር ሰው እስከ ዛሬ ይከራከርበታል። ልጅ የቀበሩ እናቶች አንድ ይላሉ፣ ወሬ ያቃጠላቸው ሰዎች ሌላ ይላሉ፣ ባዶ አልጋ ላይ ያደሩ ሴቶች ደግሞ ሌላ። እኔ ስሰማቸው ሁሉም እውነት አላቸው፤ ለዚህ ነው ነገሩን ወደ እናንተ ያመጣሁት።

መሪውን የያዛችሁ እናንተ ብትሆኑ ወዴት ታዞሩት ነበር? መያዙን መልቀቁን የሰሙት እናት፣ ክሩን ያገኘው ጓደኛ፣ እጇን ያስገባችው ሚስት፤ የአዳሙ ቋጠሮ የሚገባው ለማን ነው?